ስለ አሮጌው የጨዋታ መኪናና ስለ እኅታችን ስም

ስለ ልጆች አስተዳደግ በሚጻፍበት ስፍራ ስለ ጨዋታ የሚነገረው ጥቂት ነው። ከተነገረም ብዙውን ጊዜ ጨዋታ ልጅን ከትምህርቱ እንዳያዘናጋው ለማስጠንቀቅ ነው። እኛም የመንግሥት ሠራተኛና የልጅ አባት እንደ መሆናችን መጠን ይህንኑ ማስጠንቀቂያ ለሌሎች ደጋግመን የሰጠን ሰዎች ነን። ዛሬ ግን የምንጽፈው በመካነ ሰላም ከተማ በቤታችን በአንድ የእንጨት ሣጥን ውስጥ 26 ዓመት ያህል ተቆልፋባት ስለ ኖረች፥ ከመዳፍ ስለማትበልጥ አንዲት የጨዋታ ካሴት ነው። ይህን መናገር የነበረብን ከብዙ ዘመን በፊት ነበር፤ ዳሩ ግን እፍረት ከለከለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2015 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ቆየ። ያን ጊዜ ልጃችን የ10 ዓመት ልጅ ነበረች። በእናቷ ስልክ ላይ የነበሩት ጨዋታዎች ቍጥራቸው ብዙ ነው፤ አብዛኞቹ ግን ከሩቅ አገር ከሚገኝ መኪና ፈቃድ ሳይጠይቁ ከተኙበት የማይነሡ ነበሩ። ልጂቱ አንዱን ስትከፍት በመስታወቱ መካከል የሚሽከረከር ክብ ምልክት ይወጣል፤ እርሱን እያየች ጥቂት ትቆይና ዘግታ ሌላውን ትከፍታለች፤ ያም እንደዚያው ይሽከረከራል። ወራቱ ክረምት ስለ ሆነ ዝናቡ ከደጅ አያስወጣም፤ ትምህርት ቤቱም ዝግ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ባለቤታችን «ያ የድሮ መጫወቻችሁ የት ደረሰ?» ብላ ጠየቀችን።

ሣጥኑን ለመክፈት ሁለት ሦስት ቀን አመነታን። ምክንያቱን ወደ ኋላ እንገልጠዋለን።

መኪናው «ጌም ቦይ» ይባላል። መልኩ ግራጫ፥ መጠኑም ከአንድ ወፍራም የጸሎት መጽሐፍ የማይበልጥ ነው። በግራው በኩል የመስቀል ቅርጽ ያለው ጥቁር ማዘዣ፥ በቀኙ በኩል ወይን ጠጅ መልክ ያላቸው ሁለት ቁልፎች አሉት። መስታወቱ እንደ ዛሬው ስልክ የራሱ ብርሃን የለውም፤ ቀለሙም እንደ ወይራ ፍሬ አረንጓዴ ሆኖ ሥዕሉ ሁሉ በአራት ዓይነት ጥላ ብቻ ይታያል፤ ስለዚህ የሚጫወት ሰው ወደ መስኮት ወይም ወደ ኩራዝ ዞሮ ይቀመጣል።

ጨዋታው በመኪናው ውስጥ አይገኝም፤ የሚገኘው በካሴቲቱ ውስጥ ነው። ካሴት ስንል ክር የተጠቀለለባትን የዘፈን ካሴት ማለታችን አይደለም፤ ስሙን ብቻ ከዚያች ተውሰንላታል። በውስጧ አንዲት ስስ ሰሌዳና በሰሌዳዋ ላይ የተተከሉ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ክፍሎች አሉ፤ በታችኛው ጠርዟም 32 የሚያብለጨልጩ የብረት ጥርሶች ተደርድረዋል። ካሴቲቱን በመኪናው ጀርባ ስትሰኳት ጥርስ ከጥርስ ይገጥማል። ቁልፉን ስትገፉት የፋብሪካው ስም ከላይ ወደ ታች በዝግታ ይወርድና በመካከል ሲቆም አንዲት ጥርት ያለች የደወል ድምፅ ትሰማለች። ጥርሶቹን አቧራ ይዟቸው እንደ ሆነ ግን በስሙ ፈንታ አንድ ጥቁር ጡብ ይወርድና ነገሩ በዚያው ይቀራል።

በልጅነታችን ጥቁሩ ጡብ በመጣ ጊዜ ካሴቲቱን ነቅለን በአፋችን እፍ እንላት ነበር። ይህን ያስተማረን ሰው አልነበረም፤ በሌላውም ዓለም ያሉ ልጆች እንደኛው እፍ ይሉ እንደ ነበረ የተረዳነው ካደግን በኋላ ነው። ፋብሪካው ግን ይህን አታድርጉ ይል ነበር፤ የትንፋሽ እርጥበት ጥርሶቹን ያዝጋቸዋልና። የሚሻለው በአልኮል በራሰ ጥጥ መጥረግ ነው። በቤታችን የሐኪም አልኮል ስላልነበረ ከእናታችን ጓዳ በጥጥ ነክረን እንወስድ የነበረው ምን እንደ ሆነ አንባቢ ይገምተው።

መኪናውን የሠራው ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። ኩባንያው በኪዮቶ ከተማ ሥራ የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1889 ዓ.ም.፥ ይኸውም እዚህ በወሎ ምድር የውጫሌ ውል በተፈረመበት ዓመት፥ የመጫወቻ ካርታ በመሥራት ነበር። በካሴት የሚሠራ የቤት ጨዋታ መኪናን ግን አስቀድሞ ያወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. ፌርቻይልድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ ሥራውንም ይመራ የነበረው ጄሪ ላውሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር። ከዚያ በፊት አብዛኛው መኪና ጨዋታው አብሮት የተሠራ ስለ ነበረ ጨዋታው የሰለቸው ሰው መኪናውንም ይጥለው ነበር። ኒንቴንዶ በቴሌቪዥን የሚሠራውን «ፋሚሊ ኮምፒዩተር» ሐምሌ 8 ቀን 1975 ዓ.ም.፥ በእጅ የሚያዘውን ጌም ቦይ ደግሞ ሚያዝያ 13 ቀን 1981 ዓ.ም. በጃፓን አወጣ።

በጌም ቦይ ሥራ ስሙ የሚነሣው ጉንፔይ ዮኮይ ነው። ወደ ኩባንያው የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. የፋብሪካውን መኪናዎች እንዲጠግን ተቀጥሮ ነበር። የዚህ ሰው አሳብ፥ ዋጋው የረከሰና ጠባዩ የታወቀ አሮጌ ጥበብን ወስዶ ሰው ላላሰበው አገልግሎት ማዋል ይሻላል የሚል ነው። በዚያው ዘመን ባለ ቀለምና ባለ ብርሃን መስታወት መኪና ያወጡ ሌሎች ፋብሪካዎች ነበሩ፤ የነርሱ መኪና ግን 6 የባትሪ ድንጋይ በልቶ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሲጠፋ፥ የዮኮይ ግራጫ መኪና በ4 ትንንሽ ድንጋይ ከ10 ሰዓት በላይ ይሠራል። በኋላ ከወጣው ባለ ቀለም ወንድሙ ጋር በዓለም ላይ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። የዚህን አሳብ ትርፍ ይልቁንም የምናውቀው መብራት ባልገባበት ቤት ያደግን ሰዎች ነን።

ጌም ቦይ ወደ ቤታችን የመጣው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያመጣችው ታላቅ እኅታችን ናት፤ ስሟ በጋዜጣ እንዲወጣ ስላልፈቀደች እትዬ እያልን እንጽፋለን። እትዬ በ1984 ዓ.ም. በ18 ዓመቷ ከመካነ ሰላም በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ፥ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ፥ ከዚያም ባሕር ተሻግራ ወደ ጂዳ ሄደች፤ በአንድ ሀብታም ቤትም 5 ዓመት በቤት ሠራተኝነት አገለገለች። ከወሎ ወደ ዐረብ አገር የሄዱትን እኅቶች ማን ቈጥሮ ይጨርሳቸዋል? በየመንደሩ ያለውን የቆርቆሮ ክዳን የሚመለከት ሰው የብዙዎቹን ድካም በዚያ ያየዋል።

የጌቶቿ ልጆች አዲስ መኪና በተገዛላቸው ጊዜ ይህን አሮጌውን ሊጥሉት ሲሉ፥ እመቤቲቱን አስፈቅዳ ከሁለት ካሴቶች ጋር ወሰደችው። በዚያ ቤት የክርስትናም ሆነ የቤት ስሟን የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ ለአፋቸው እንዲቀልላቸው ሌላ ስም አውጥተውላት ነበር። ሌሊት ዕቃው ታጥቦ፥ ወለሉ ተወልውሎ ካለቀ በኋላ በመኝታዋ ላይ ተቀምጣ ትጫወት ነበር፤ የእንግሊዝንም ፊደል አጥርታ የለየችው በዚህ ነው። በ1989 ዓ.ም. ሳይታሰብ በድንገት መጣች። ስለ ምን እንደ ተመለሰች በተጠየቀች ጊዜ «ውሌ አለቀ» ከማለት በቀር የምትጨምረው ቃል አልነበረም።

ከሁለቱ ካሴቶች አንደኛዋ ቴትሪስ ናት። ይህች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. በሞስኮ አሌክሴይ ፓጂትኖቭ የተባለ የሳይንስ አካዳሚ ሠራተኛ የፈጠራት ጨዋታ ናት፤ ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸው ጡቦች ከላይ ሲወርዱ ክፍተት ሳይተው መደርደር ነው። እናታችን ነፍሳቸውን ይማርና ከዚያ በፊት መኪና የሚባል ነገር በእጃቸው ነክተው አያውቁም ነበር። አንድ ምሽት ከኋላችን ቆመው ሲመለከቱ ቆዩና «ይኸማ ኩበት መከመር ነው» ብለው ተቀበሉን። ከዚያ ሌሊት በኋላ በቤቱ ውስጥ እርሳቸውን የሚያህል አልተገኘም፤ እኛ ልጆች እንቸኩላለን፥ እርሳቸው ግን እያንዳንዱን ጡብ ለክረምት እንደሚያስቀምጡት አድርገው ነበር የሚያኖሩት።

ድንጋዩ ሲደክም መስታወቱ ይገረጣል። ያን ጊዜ አራቱን ድንጋዮች አውጥተን በማለዳ ፀሐይ እናሰጣቸዋለን፤ ፀሐይ ካገኛቸው በኋላ ጥቂት ዙር ይሠራሉ፤ ደግመው ይደክማሉ። አዲስ ድንጋይ የሚገዛው በበዓል ነው። እንግዲህ እንዲህ በስስት የተገኘ ጨዋታ እንዴት እንደሚጣፍጥ፥ በአንድ ጠርሙስ ሎሚናት ለአምስት ሆኖ ያደገ ሰው ያውቀዋል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ለልጃችን የሰጠናት በመጀመሪያ ይህችኑ ቴትሪስን ነበር። መኪናው ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ይነሣል ብለን አላመንንም፤ በአልኮል ጠርገን፥ አራት ድንጋይ አግብተን ቁልፉን በገፋነው ጊዜ ግን ስሙ ወረደ፥ ደወሏም ተሰማች። በማግሥቱ የጎረቤት ልጆች ሦስት ሆነው መጡ፤ በሳምንቱ ሰባት ሆኑ። መኪናው አንድ ስለ ሆነ ተራ ያስፈልጋል፤ ተራ ስለሚያስፈልግም ዳኛ ያስፈልጋል፤ የተሸነፈው ለሚቀጥለው ያቀብላል፤ የቀሩት በትከሻው ላይ አንገታቸውን አስግገው «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» እያሉ ይጮኻሉ። ገበጣ በሚጫወቱ ሽማግሌዎች ዙሪያም ከተጫዋቾቹ ይልቅ የሚያውቁ ተመልካቾች እንዲህ ሲጮኹ ሰምተናል። እነዚሁ ልጆች በስልክ ሲጫወቱ ግን እያንዳንዱ በየጥጉ ለብቻው ጀርባውን ሰጥቶ ነበር የሚቀመጠው።

ልጃችንን ከስልኩ ይልቅ ይህን ስለ ምን እንደ ወደደችው ጠየቅናት። «አባዬ፥ ይኼ ምንም አይጠይቀኝም» አለችን።

በዚህ መልስ ላይ ብዙ ቀን አሰብን። በእርግጥም የዛሬው የስልክ ጨዋታ ጠያቂ ነው፤ አድሰኝ ይላል፥ ማስታወቂያ ተመልከት ይላል፥ ገንዘብ ክፈልና በፍጥነት እለፍ ይላል፥ ትናንት አልመጣህም ብሎም ይወቅሳል። ካሴቲቱ ግን በፋብሪካ በተዘጋች ቀን ነገሯን ጨርሳለች። የቴትሪስ ጨዋታ በጠቅላላው 32 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ በስልክ የምናነሣት አንዲት ፎቶግራፍ ስንኳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች። በዚህች ጥቂት ነገር ላይ ከሩቅ ሆኖ የሚጨምርባትም የሚቀንስባትም የለም። የሰጡት ሰው ይጫወትባታል፥ ያዋሱት ይመልሳታል፥ የወረሳትም የራሱ ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2025 ዓ.ም. ከወጡት አዳዲስ የጨዋታ ካርዶች አንዳንዶቹ በውስጣቸው ጨዋታው የለባቸውም፤ የያዙት ጨዋታውን ከሩቅ ለማውረድ የሚያስችል ፈቃድ ብቻ ነው። ይህን ስንሰማ ያ የሚሽከረከረው ክብ ምልክት ትዝ አለን።

ያለፈው ሁሉ ይሻል ነበር ከሚሉት ወገን ግን አይደለንም። መስታወቱ ዓይን ያደክማል፤ ድምፁም የንብ ቀፎ ነው። በሌላው ዓለም ይህን አሮጌ ነገር እንደ ቅርስ የሚሰበስቡ ሰዎች በዝተው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሐምሌ 2021 ዓ.ም. ከነማሸጊያዋ የተቀመጠች አንዲት «ሱፐር ማሪዮ 64» የምትባል ካሴት በአሜሪካ በጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር ወጥታለች። የገዛት ሰው ማሸጊያዋን ቢቀድድ ዋጋዋ ይወድቃልና ሳይጫወትባት ያኖራት ይሆናል። ይህን ወሬ ያነበብን ቀን ሳቅን፤ ወዲያው ግን የኛው ሣጥን ትዝ አለችንና ሳቁ ጠፋብን።

ሁለተኛዋ ካሴት በሣጥኑ ውስጥ ቀርታ ነበር። ዜልዳ የምትባለው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. የወጣችው ናት። ታሪኳ መርከቡ ተሰብሮ በአንዲት ደሴት ላይ ስለ ወደቀ ሰው ነው። ሲጀመር መኪናው የተጫዋቹን ስም ይጠይቃል፤ ስፍራው ግን ለአምስት የእንግሊዝ ፊደላት ብቻ ይበቃል። የእትዬ ስም ከዚያ ስለሚረዝም መጨረሻውን ቈርጣ አምስቱን ጻፈች። ከዚያ ወዲያ በደሴቲቱ ያሉት ሰዎች ሁሉ በስሟ ይጠሯታል። በጂዳ ሳለች በስሟ የሚጠሯት እነዚህ ብቻ እንደ ነበሩ እየሳቀች ነግራናለች፤ እኛም አብረናት ሳቅን፥ ልጆች ነበርንና።

ስሙ መኪናው ጠፍቶም የሚቀመጥበት ምክንያት በካሴቲቱ ውስጥ ሳንቲም የመሰለች አንዲት ባትሪ ስላለች ነው። ባትሪዋ በሕይወት እስካለች ድረስ ስሙና ተጫዋቹ የደረሰበት ስፍራ ይጠበቃሉ።

በ1990 ዓ.ም. እኛ የ13 ዓመት ብላቴና ነበርን። እትዬ በተኛች ጊዜ ካሴቲቱን ወስደን፥ እርሷ ብዙ ርቀት የሄደችበትን መንገድ በእርሷ ስም እንቀጥል ነበር። በደሴቲቱ መንደር አንድ ሱቅ አለ፤ በሱቁም ዋጋው 980 የሆነ ቀስት ይሸጣል። እኛ ያለን ከመቶ ብዙም አይበልጥም። ባለ ሱቁ ዓይኑን ከገዢው አይነቅልም፤ ነገር ግን በዙሪያው ፈጥኖ የሚዞር ሰው ፊቱን ባዞረባት ቅጽበት ዕቃውን ይዞ በደጁ ሊወጣ ይችላል። አንድ ሌሊት በኩራዝ ብርሃን ብዙ ጊዜ ሞክረን ወጣን። መኪናው በእንግሊዝኛ አንድ የወቀሳ ቃል ጻፈብን፤ ግማሹን ስላልተረዳነው አልፈነው፥ ያለንበትን አስቀምጠን ደስ ብሎን ተኛን።

በማግሥቱ ስንከፍተው የእትዬ ስም በነበረበት ስፍራ ሌላ ቃል ተጽፏል። የደሴቲቱም ሰዎች ሁሉ በዚያው ቃል ይጠሩናል። እርሱም አምስት ፊደል ነው፤ በስፍራው ልክክ ብሏል። ከትምህርት ቤት መዝገበ ቃላት ተውሰን ብንፈልገው «ሌባ» ይላል።

በዚህ ጽሑፍ «እኛ» እያልን የምንናገረው በጋዜጣ ልማድ ነው። ያን ሌሊት ግን የሰረቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ቃሉን ለመለወጥ ያልሞከርነው ነገር የለም። ጨዋታው ግን የሰረቀውን ሰው ስም መልሶ አይሰጥም፤ ወደ ሱቁ ቢመለስም ባለ ሱቁ በመብረቅ ይመታዋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ እትዬ መኪናውን ይዛ ወደ መስኮቱ ዞረች። ደወሏን ሰማን። ጥቂት ቆይታ ካሴቲቱን ነቅላ መሶቡ ላይ አኖረችና ወደ ደጅ ወጣች። አልጠየቀችንም፥ አልተቈጣችንም፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ግን መኪናውን አልነካችውም። እኛም ሰልችቷት ነው ብለን ራሳችንን አታለልን፤ ካሴቲቱንም በሣጥን ቆልፈን ቁልፉን ደበቅነው። መኪናውና ቴትሪስም ጨዋታው በሚሰለችበት ዕድሜ ተከተሏት።

ልጃችን ቴትሪስን ስትለምድ «ሌላዋስ ካሴት?» ማለቷ አልቀረም። ሰበብ እየፈለግን እስከ ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. አቆየናት፤ በመጨረሻው ግን ሣጥኑ ተከፈተ። ካሴቲቱ ተሰካች፥ ስሙ ወረደ፥ ደወሏ ተሰማች፤ የስም መዝገቡ ሲወጣ ግን ባዶ ሆኖ ተገኘ። ያ ቃልም፥ የእትዬ መንገድም ጠፍቷል። ባትሪዋ ሞታለች።

በመጀመሪያ የተሰማን፥ ለምን እንዋሻለን፥ ደስታ ነበር። ማስረጃው በራሱ ጊዜ ጠፋ። ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለን። በኋላ ስለዚች ባትሪ አሠራር ስናነብ የተረዳነው ይህ ነው፤ መኪናው በሚሠራበት ጊዜ መዝገቡን የሚመግቡት አራቱ ድንጋዮች ስለ ሆኑ ትንሿ ባትሪ ታርፋለች፤ የምትደክመው ካሴቲቱ ሥራ ፈትታ በተቀመጠችበት ጊዜ ነው። እንግዲህ በቆለፍንባት በ26ቱ ዓመት ሁሉ ያለ ረዳት ስትደክም ኖራለች።

እትዬ ዛሬ በመካነ ሰላም የልብስ ሱቅ አላት፤ እሑድ እሑድ ቡና የምትጠጣው ከኛ ጋር ነው። በሚቀጥለው እሑድ ሁለተኛው ስኒ እንደ ተቀዳ ልጃችንን ወደ ጓዳ ላክናትና ጀመርን።

«እትዬ፥ የዚያች የዜልዳ ካሴት ነገር… ያን ጊዜ ስምሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቀስቱን ሰርቄ ነው።»

ስኒውን አስቀመጠች። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያም ማናችንም ያልሰማነውን ነገረችን። ከጂዳ የወጣችው ውሏ አልቆ አልነበረም። የእመቤቲቱ የወርቅ ቀለበት ጠፍቶ ሻንጣዋን በልጆቹ ፊት አራገፉት፤ በዐረብኛም ያን ቃል ሰደቧት። ቀለበቱ በሦስተኛው ቀን ከመታጠቢያው ሥር ተገኘ፤ ይቅርታ ያላት ሰው ግን አልነበረም። ወደ አገሬ ላኩኝ አለች፥ ላኳት። እዚህ መጥታ ዓመት ከቆየች በኋላ አንድ ቅዳሜ መኪናውን ብትከፍት በስሟ ስፍራ የማታውቀው ቃል ተጽፏል። በወረቀት ገልብጣ ለአንድ መምህር አሳየችው፤ መምህሩም ፈታላት።

«ዕቃው ከነሱ ቤት የመጣ ነው» አለች፤ «ያሉኝን የሚያውቅ መሰለኝ። በኋላ ይኸ ሞኝነት ነው ብዬ ራሴን ገሠጽኩ፤ ግን መንካት አልቻልኩም።»

የምንመልሰው ቃል አጣን። ዓይናችን ሲሞላ አይታ «አብሽር፤ የ13 ዓመት ልጅ ነበርክ» አለችን፤ ጥቂት ቆይታም «ለመሆኑ ዋጋው ስንት ነበር?» ብላ ጠየቀች። 980 መሆኑን ብንነግራት «ለአንድ ቀስት! እኔም ብሆን አልገዛውም» ብላ ሳቀች፤ የሱቅ ሰው ናትና። ሳቋ ሲያልቅ ግን ስኒውን አንሥታ፥ ወደኛ ሳትመለከት «ያን ዕለት ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለች። ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስንላትም።

ካሴቲቱን በከተማችን ላለ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ወሰድናት። ቡሎኗ በተለመደው መፍቻ የማይፈታ ስለ ሆነ፥ የእስክሪብቶ ጫፍ በእሳት አለስልሶ በቡሎኗ ላይ ተጭኖ በማቀዝቀዝ መፍቻ አበጀላት፤ ይህን ዘዴ ከየት እንደ ተማረው ቢጠየቅ «ከችግር» አለ። የሞተችውን ባትሪ ነቅሎ አዲሲቱን በየዳቸው፤ ሥራው ከግማሽ ሰዓት አላለፈም።

በዚያው እሑድ ልጃችን የራሷን ስም ልትጽፍ መኪናውን ብታነሣ እትዬ ተቀበለቻት። መነጽሯን አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ በመስቀሉ ማዘዣ ፊደል በፊደል እየሄደች እንደ ድሮው መጨረሻው የተቈረጠውን ስሟን ጻፈች። ልጃችን አኰረፈች። እትዬም ከስሟ በታች ያለውን ባዶ መሥመር አሳየቻትና «ያ ያንቺ ነው፤ ሱቁ ስትደርሺ ግን ከፍለሽ ውጪ» አለቻት።

ልጃችን ገንዘቡን ሣር እያጨደች፥ ድንጋይ እያነሣች ትሰበስባለች። ይህን በምንጽፍበት ቀን 412 ደርሳለች።